ከ94 በመቶ ወደ ዜሮ

ሐሙስ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ። ከካምባ ከተማ በላይ ካለ ኮረብታ ላይ ጋቢ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ ነው። ስልኬን ደግሞ ምልክቱ ሦስት መስመር የሚያሳይባት አንዲት ድንጋይ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ድንጋይዋን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ግማሽ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ከሆነ መስመሩ አንድ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ የማየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። 91። 92። 93። 94።

ከዚያ ቆመ።

አምስት ደቂቃ ያህል ሳልተነፍስ ጠበቅኩ። ከታች ከለቅሶው ድንኳን የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ጉም እየወረደ ነው። በመጨረሻ ማሽኑ «ግንኙነቱ ተቋርጧል፣ ፋይሉ ሳያልቅ ቀርቷል» የሚል ስሜት ያለው ቀይ መስመር ጻፈ። ፎልደሩን ልከፍት ስሄድ ፎልደሩ የለም። ሁለት ጊጋባይት ከምናምን አውርዶ ሲያበቃ፣ ስላልተሳካለት ያመጣውን ሁሉ ራሱ ጠራርጎ አጥፍቶታል። እንደገና ሳስጀምረው ከየት እንደጀመረ ታውቃላችሁ። ከዜሮ።

ሰባተኛ ሙከራዬ ነበር።

ካምባ የሄድኩት አያቴ አርፋ ነው። የተማርኩት አርባ ምንጭ ነው፣ የምኖረውም እዚያው፤ አባቴ ግን የካምባ ልጅ ነው። ለቅሶ ደግሞ «ሥራ አለብኝ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ችግሩ በዚያው ሳምንት አንድ የውጭ ድርጅት የሥራ ፈተና ልኮልኝ ነበር። ለማንም ክፍት የሆነ ትልቅ የኮድ ፕሮጀክት አላቸው፤ ውስጡ ያለ አንድ ስህተት ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ለውጥ እንደገባ ፈልጌ ላገኝና ላስተካክል ነው። ቀነ ገደቡ ሰኞ ማታ። የኮዱ መጠን ከነታሪኩ 2.3 ጊጋባይት። ፈተናውን ሳነበው «ይሄማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» ብዬ ነበር። ሥራው እውነትም የግማሽ ቀን ነበር። ለመጀመር ነው ያልቻልኩት።

ያን ሌሊት ተናድጄ ስወርድ አንድ ጥያቄ ይዤ ወረድኩ። ፊልም ሳወርድ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ጌም ካቆመበት ይቀጥላል። በዓለም ላይ ያሉ እጅግ ጎበዝ የሚባሉ ፕሮግራመሮች የሠሩትና በየቀኑ የሚጠቀሙበት ጊት ለምንድነው የማይቀጥለው? መልሱን ስፈልግ ታሪክ ውስጥ ገባሁ። የአገራችንም ታሪክ እዚያው ውስጥ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆቹ ናቸው።)

ከቀላሉ እንጀምር። «ካቆምክበት ቀጥል» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ከእኔ ይበልጣል። በ1985 የወጣው የኤፍቲፒ ደንብ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ ነበረ። በ1986 ደግሞ ቸክ ፎርስበርግ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ዚሞደም የሚባለውን የፋይል መላላኪያ ሠራ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር የሚገናኘው በተራ የስልክ መስመር ነበር። መስመሩ ይንኳኳል፣ ይቋረጣል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ስልኩን ሲያነሳ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ስለዚህ ዚሞደም ሲቋረጥ የደረሰውን አይጥልም። መልሳችሁ ስትደውሉ «እኔ ጋ ይህን ያህል ደርሷል፣ ከዚያ ላክ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። መስመሩ መጥፎ ስለነበረ መሣሪያው መቋረጥን ከመጀመሪያው ያውቀዋል።

ድረ ገጾች የሚተላለፉበት ኤችቲቲፒ ይህን ችሎታ በደንቡ ውስጥ በይፋ ያካተተው በ1.1 ቅጂው ነው። ያ ደንብ የወጣው በጃንዋሪ 1997 ነው። ይህን ቀን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ደግሜ አየሁት። ኢትዮጵያ ሙሉ የኢንተርኔት ግንኙነት ያገኘችውም በዚያው ወር ነው፤ በእኛ 1989 ዓ.ም.። አገሪቱ ወደ ኢንተርኔት ስትገባ፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ «ከዚህ ባይት ጀምረህ ላክልኝ» ማለትን በይፋ እየተማረ ነበር። ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። ግን ደስ ይላል።

የ1997ቱ መስመር ስፋት በሴኮንድ 256 ኪሎቢት ነበር። ያ እንግዲህ ዛሬ አንድ ስልክ ለብቻው ቢያገኘው «ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ» ብለን የምናማርርበት ፍጥነት ነው፤ ያን ጊዜ ግን የአገር ሙሉ በር ነበር። አሰብኩና በስልኬ ካልኩሌተር መታሁት፦ የእኔ 2.3 ጊጋባይት በዚያ መስመር፣ አገሩ በሙሉ ኢንተርኔቱን ትቶ ለእኔ ብቻ ቢለቅልኝ፣ 20 ሰዓት ይወስድ ነበር። ደግሞ ሳይቋረጥ።

ከ1997 በፊትስ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ እኔን የያዘኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ኢሜል የሚላላኩ ሰዎች ነበሩ። መናኸሪያቸው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት ሲሆን፣ እንደ ሊሻን አዳም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ሠርተውበታል። የተጠቀሙት ፊዶኔት በሚባለው፣ ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ በ1984 በጀመረው ዘዴ ነው። ፊዶኔት ቋሚ ግንኙነት አይፈልግም። መልእክታችሁን ትጽፋላችሁ፣ ማሽኑ ዘንድ ይጠራቀማል፤ ጊዜው ሲደርስ ማሽኑ ለሌላው ማሽን ስልክ ይደውላል፣ የያዘውን ያራግፋል፣ የመጣለትን ይቀበልና ይዘጋል። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከማሽን ወደ ማሽን። ልክ ለዘመድ ደብዳቤና ቅቤ በሚሄድ ሰው እጅ እንደመላክ ነው፤ ሰውዬው የሚሄድበትን ቀን ጠብቃችሁ ታስይዙታላችሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ኢሜል ተጠቃሚዎች መስመር ሁልጊዜ ይኖራል ብለው አላሰቡም። መስመር የሚመጣና የሚሄድ ነገር እንደሆነ አውቀው፣ ሲመጣ እንዲጠቀሙበት፣ ሲሄድ እንዳይጎዱ አድርገው ነው የሠሩት። አንድ አገር ሙሉ በዚህ ተጀምሮ፣ እኔ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ኮረብታ ላይ ከዜሮ እጀምራለሁ።

አሁን ወደ ጊት። ጊትን የጻፈው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው፣ በአፕሪል 2005። የሊኑክስ ከርነል ሠራተኞች እስከዚያ ድረስ ቢትኪፐር የተባለ የግል ድርጅት ሶፍትዌር ይጠቀሙ ነበር፤ በነጻ የመጠቀም ፈቃዱ ሲነሳባቸው ሊነስ የራሱን መሥራት ጀመረ፣ በቀናት ውስጥም የሚሠራ ነገር ይዞ መጣ። የጊት ትልቁ ሐሳብ ምን መሰላችሁ? ከማዕከል ነጻ መሆን። አንዴ ኮዱን ከወሰዳችሁ በኋላ ሙሉ ታሪኩ እናንተ ጋ ነው። ያለ ኢንተርኔት የድሮውን ታያላችሁ፣ አዲስ ትጽፋላችሁ፣ ታስቀምጣላችሁ፣ ታወዳድራላችሁ። የሠራችሁትን መላክም ቀላል ነው፤ የከርነሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ለውጦቻቸውን የሚላላኩት በኢሜል ነው፣ አንድ ለውጥ ጥቂት ኪሎባይት ጽሑፍ ነው።

ለካምባ የተሠራ መሣሪያ ቢኖር ጊት ነበር ማለት ነው። መብራት ይሂድ፣ ኔትወርክ ይሂድ፣ ሥራችሁ አይቆምም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ በቆየበት ጊዜ፣ ኮዱ በእጁ የነበረ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ መሥራት ይችል ነበር። ቤቱ ለእኛ የተሠራ ነው። በሩ ነው ችግሩ፦ ለመግባት የመጀመሪያዋን አንድ ጊዜ፣ ትልቁን ነገር፣ ሳትቋረጡ መጨረስ አለባችሁ።

ለምን? ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ኮዱን ስትጠይቁ ሰርቨሩ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፋይል አይደለም የሚሰጣችሁ። የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ በዚያው ሰዓት ሰብስቦ፣ እርስ በርሱ አነጻጽሮና አጭቆ አንድ ጥቅል እየሠራ ይልካል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠይቁ ጥቅሉ እንደገና ይሠራል፤ በመሀል አዲስ ለውጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ የአጫጫቁ ቅደም ተከተልም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ «ከ2 ቢሊዮንኛው ባይት ቀጥል» ማለት ትርጉም ያጣል፤ የዛሬው 2 ቢሊዮንኛ ባይት የትናንቱ አይደለም። የጥቅሉ ማረጋገጫ ቁጥር ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው ያለው። መጨረሻው ካልደረሰ ጊት የደረሰውን ማመን አይችልም። ስለዚህ ይጥለዋል።

የሚገርመው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ ብቻ አልነበረም። ጊት ዕቃዎቹን እንደተራ ፋይል አንድ በአንድ የሚያወርድበት ቀለል ያለ መንገድም ነበረው፤ ቢቋረጥ የደረሱት ፋይሎች ደርሰዋል፣ የቀሩትን ማምጣት ነው። ግን ቀርፋፋ ነበር። ከ2010 ገደማ ወዲህ በኤችቲቲፒ «ብልሁ» የሚባለው አሠራር ተለመደና ሁሉም ወደዚያ ሄደ። ጥሩ መስመር ላላቸው ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከደቂቃዎች ወደ ሴኮንዶች። መጥፎ መስመር ያለው ሰው ግን የነበረውን መንገድ አጣ።

ዓርብ ጠዋት ሌላ ነገር ሞከርኩ። ጊት ሙሉውን ታሪክ ትቶ የመጨረሻውን ገጽታ ብቻ እንዲያመጣ ማዘዝ ይቻላል፤ ጥልቀቱን 1 ማድረግ ነው። ይህ ከ2007 ጀምሮ አለ። ሁለቴ ተቋርጦ በሦስተኛው መጣ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ኮዱን አነበብኩት፣ ስህተቱንም አየሁት። ፈተናው ግን «ከመቼ ጀምሮ ገባ» ነበር የሚለው፤ ለዚያ ታሪኩ ያስፈልጋል። ጥልቀቱን ትንሽ በትንሽ፣ ሃምሳ ሃምሳ ለውጥ እያደረጉ መጨመር እንደሚቻል፣ እያንዳንዷ እርምጃ ትንሽ ስለሆነች መቋረጥ ብዙ እንደማይጎዳ ያወቅኩት በኋላ ነው። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ታሪኩን አምጥቶ የፋይሎቹን ይዘት ሲያስፈልግ ብቻ የሚጠይቅበት መንገድ አለ፤ ግን ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ኮረብታው ላይ መኖር ነው።

የቀረኝ ባንድል ነው። ባንድል ማለት ሙሉውን ኮድና ታሪክ ወደ አንድ ተራ ፋይል መቀየር ነው፤ ጊት ውስጥ ከ2007 ጀምሮ አለ። ፋይል ከሆነ በኋላ አይለዋወጥም። ካቆመበት ማውረድ ይቻላል፣ መገልበጥ ይቻላል፣ በፍላሽ መላክ ይቻላል። ስትቀበሉት ጊት እንደ ሰርቨር ቆጥሮት ከውስጡ ይወስዳል፤ ከዚያ ከእውነተኛው ሰርቨር የምትጠይቁት ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን ብቻ ነው። የሊኑክስ ከርነልን የሚያከፋፍለው ጣቢያ መስመራቸው ለሚቆራረጥባቸው ሰዎች ብሎ ባንድል ያዘጋጃል። የአንድሮይድ ኮድ ማውረጃም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማል። በ2022 ደግሞ ጊት ራሱ «መጀመሪያ ባንድሉን ከዚህ አውርድ» ተብሎ መታዘዝ የሚችልበት መንገድ ተጨመረለት። የእኔ ፈታኞች ግን ባንድል አልነበራቸውም። አብዛኛው ፕሮጀክት የለውም።

አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ደወልኩ። እሱ ጋ 2.3 ጊጋባይት ሻይ እስኪፈላ አለቀ። «ባንድል አድርገህ ፍላሽ ላይ ጫንልኝ» አልኩት።

«በምን ልላክልህ?»

«ሽሮ ሜዳ ሂድ።»

የጋሞ ሰው ከሆናችሁ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የሄዱ ሸማኔዎች ለብዙ ዘመን የኖሩበት ሰፈር ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድምም እዚያ ይሸምናል። ቅዳሜ ንጋት ለእናቱ ለቅሶ ሊመጣ ነበር። እኛ አገር ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ሱቆች ሞልተዋል፤ አንድ ሰው አንዴ ያወርዳል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይገለብጣል። ያንኑ ነው ያደረግነው። ፍላሹ በአጎቴ የኮት ኪስ ሆኖ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ አርባ ምንጭ መጣ፣ 500 ኪሎሜትር ገደማ። እዚያ አደረ። እሑድ መኪና ዘገየ፣ መንገዱም ጭቃ ነበር፤ ካምባ የገባው መሽቶ ነው።

አጎቴ ድንኳን ገብቶ አለቀሰ፣ ተቀመጠ፣ ቡና ጠጣ። እኔ ፍላሹን መጠየቅ አፍሬ ስቁነጠነጥ አየኝና አውጥቶ ሰጠኝ።

«ይህችን ነው ሳምንት ሙሉ ስልክ ስትደውል የከረምክባት?»

«አዎ ጋሼ። በኢንተርኔት ላመጣው ስል እየተቋረጠ አስቸገረኝ።»

«ሲቋረጥ መቀጠል ነዋ።»

«አይቀጥልም። በተቋረጠ ቁጥር ከመጀመሪያው ነው።»

አሰበበት። «ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ጥበቡን ቀደው ይጥሉታል ማለት ነው?»

«እንደዚያ በለው።»

«ሸማኔ እንዲህ ቢያደርግ እስካሁን ማንም ጋቢ አይለብስም ነበር። ክር ይበጠሳል። ትቋጥረዋለህ፣ ትወረውራለህ። ሥራውን የሠሩት ሰዎች ሞኞች ናቸው?»

ሞኞች አይደሉም አልኩት፤ ብልህ ናቸው። ክር የሚበጠስበት ቦታ ሠርተው አያውቁም እንጂ። ይህን ስናገር ነው ለራሴም የገባኝ። ፎርስበርግ ዚሞደምን ሲሠራ ክሩ በየቀኑ በእጁ ይበጠስ ነበር፣ ፊዶኔትን አዲስ አበባ የተከሉት ሰዎችም እንደዚያው። ጊት የተሠራው ግን መስመሩ ከተስተካከለላቸው ሰዎች መሀል ነው። ክፋት የለበትም። የማይደርስባቸውን ነገር አላሰቡትም፣ ያልታሰበውን ደግሞ ማሽኑ አያውቀውም።

እሑድ ሌሊት ኮዱን ከፍላሹ አወጣሁት፤ ደቂቃዎች ነው የፈጀው። ኮረብታ ወጥቼ ከዋናው ሰርቨር የጨመረውን ጠየቅኩ። ሦስት ሜጋባይት። አንዴ ሳይቋረጥ መጣ። ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት አላስፈለገኝም። ድንኳኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ታሪኩን ለሁለት እየከፈልኩ፣ ግማሹን እየጣልኩ ፈለግኩት። ሰኞ ቀን ግን የለቅሶው ትልቅ ቀን ነበር፣ ዕቃ ማመላለስ፣ እንግዳ መቀበል፤ የልጅ ልጅ ነኝ። ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ባትሪዬም አለቀ። ጨርሼ የላክሁት ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው። የላክሁት ለውጥ አራት ኪሎባይት አይሞላም፤ ሴኮንድ አልፈጀም።

ረቡዕ መልስ መጣ፣ ሁለት መስመር። ቀኑ ስላለፈ ሌላ ሰው ወስደዋል፤ ለጊዜዬ ያመሰግናሉ። ስለ ኮረብታውና ስለ አውቶቡሱ ጽፌላቸው ነበር፤ ስለዚያ ምንም አላሉም። አልፈርድባቸውም። ከእነሱ ወንበር ሲታይ እኔ ቀነ ገደብ ያሳለፈ አመልካች ነኝ። መመዝገቢያቸው ላይ «ስድስት ቀን ሞክሮ መግባት ያልቻለ» የሚል ሳጥን የለም። ስንት ሰው እንዲህ ሆኖ እንደቀረ የሚቆጥር የለም፤ በር ላይ የቀረ ሰው ስሙ አይመዘገብማ።

ይህን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም፣ ለቅሶውንማ ጨርሰን መጣን። ሁለት ነገር ለማለት ነው። መስመራችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ በጥልቀት 1 ጀምሩ፣ ከዚያ ትንሽ በትንሽ አጥልቁ፤ ወይም ጥሩ መስመር ያለው ሰው ባንድል አድርጎ እንዲልክላችሁ ለምኑ። ማፈር የለበትም፣ የአገራችን ኢሜል የተጀመረው እንደዚያ ነው። ሌሎች የሚያወርዱት ኮድ ያላችሁ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ባንድል ሠርታችሁ አስቀምጡ። አንድ ትእዛዝ ነው። በራሱ እንዲሠራ ማድረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

እኔ ፍላሹን አልመለስኩም። አሁን ሰባት የታወቁ ፕሮጀክቶች ባንድል ላዩ ላይ አለ፣ በየወሩ አድሳቸዋለሁ። አርባ ምንጭ ያሉ ተማሪዎች እየተቀባበሉ ይገለብጡታል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ተማሪ መልሶ ሲያመጣው ስምንተኛ ፋይል ጨምሮበት አገኘሁት።